ምንም የለብሽም

በአንድ የኮልፌ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስሠራ፣ ከመደርደሪያው ሁሉ የወፈረው ካርድ የራሴ ነበር።

የጀመረኝ ታክሲ ውስጥ ነው። ከ18 ማዞሪያ ተሳፍሬ ወደ ሥራ ስሄድ ልቤ ድንገት ድው ድው ይል ጀመር፤ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ አየር አጠረኝ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ፌርማታው ሳይደርስ ወረድኩና አጥር ተደግፌ ሞቴን ጠበቅኩ። ትንሽ ቆይቶ ለቀቀኝ። በእግሬ ሄጄ ሥራ ገባሁ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ሐኪም ዘንድ ተመላለስኩ። ልቤን ታየሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ እንቅርትም ተመረመርኩ። አንዱ ጨጓራ ነው አለኝ፤ ሌላው ታይፎይድ ብሎ ኪኒን አዘዘልኝ። የቀሩት «ምንም የለብሽም» ብለው ሸኙኝ። ባለቤቴ ቸርች ወስዶኝ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። እዚያ እያለሁ ቀለል ይለኛል፤ ሰኞ ታክሲ ስይዝ ይመለስብኛል። በመጨረሻ ታክሲውን ትቼ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ጠዋት ደክሞኝ እደርሳለሁ፣ ማታ ደክሞኝ እገባለሁ።

አንድ ቀን አዲስ የተመደበች ጤና መኮንን ካርዴን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበችው። ማንም እንደዚያ አድርጎ አያውቅም።

«ይሄ ነገር እንዳይመጣብሽ ብለሽ የተውሽው ነገር አለ?» አለችኝ።

ታክሲውን ነገርኳት። ገበያውን፣ ልቅሶ ቤቱን፣ ሰው የሚበዛበትን ሁሉ። ስዘረዝረው ብዛቱ እኔኑ ገረመኝ።

«በማይመጣብሽ ቀንስ?»

«እጠብቀዋለሁ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የጭንቀት ሕመም ነው። ልብሽ ጤነኛ ነው፤ አንቺ ግን ታመሻል። የፈጠርሽው ነገር አይደለም።»

ስሙ ሲታወቅ ደስ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። እንቅልፍ ብቻ መጣብኝ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት።

«ጭንቀት የሌለበት ማን አለ?» አለ።

«አንተ ተጨንቀህም ትሳፈራለህ። እኔ አልቻልኩም።»

«በእግርሽ እንደምትመላለሺ እንኳ አላወቅኩም» አለኝ።

መድኃኒት ጀመርኩ፤ በየሁለት ሳምንቱም ከጤና መኮንኗ ጋር ቁጭ ብለን እናወራለን። በእሷ ምክር መጀመሪያ አንድ ፌርማታ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ባለቤቴ አጠገቤ ሆኖ መሳፈር ጀመርኩ። አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣብኛል፤ እስኪያልፍ እቀመጣለሁ። በዚያ ሰሞን ግን ከሁሉ የማስታውሰው እንቅልፉን ነው። እሁድ ከቸርች መልስ ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ ይወጣልኝና እኔ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ሶፋው ላይ እተኛ ነበር።