ቦራን ለእርድ ልጭን ስል

ይህ የደረሰብኝ ከአራት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሰው ሲጠይቀኝ “ላም ገጭታኝ ነው” ብዬ በአጭሩ አልፈው ነበር። ሙሉውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሙሉው ከተነገረ ጥፋተኛዋ ላሟ አትሆንም።

የምኖረው ከሸጎሌ ከፍ ብሎ ነው። ከባለቤቴ ከጽጌ ጋር በጓሯችን አምስት የፈረንጅ ዲቃላ ላሞች እናረባለን፤ ወተቱን ለሰፈሩ ሰው እናከፋፍላለን። ያኔ የፈረንጅ ላም ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከወለደች በቃ አልቆላታል፣ ለእርድ ሰጥቶ ሌላ መተካት ነው የሚል እምነት ነበረኝ። እንዲህ እያልኩ ስንቷን ሸኘሁ። አንዷ ተንሸራታ ዳሌዋ ወልቆ፣ አንዷ ጡቷ አብጦ፣ ሌሎቹ ጽንስ አልይዝ ብለው።

የቦራ ተራ ደረሰ። ቦራ ጥቁር ሆና ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ትልቅ ላም ናት። ሦስተኛዋን ከወለደች በኋላ ወተቷ ቀነሰ፣ ማነከስ ጀመረች። ልናልባት ስንጠጋ ትራገጣለች። ስትራገጥ እመታታለሁ። ስመታት የባሰ ትራገጣለች። ዱላው ሲሰበር ከቤት ግንባታ የተረፈ ፌሮ አነሳሁ።

የዚያን ቀን ጠዋት የከብት ነጋዴው ከሁለት ጫኞች ጋር መጣ። መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ “ቶሎ እናውጣት፣ መንገድ ዘግቻለሁ” አለኝ። ቦራ ተኝታ ነበር፤ አልነሳም አለች። አንዱ ጫኝ ጅራቷን ጠመዘዘው። ሌላው ጀርባዋን በዱላ ወገራት። እኔ ደግሞ በፌሮው የምታነክስበትን እግሯን መታኋት።

የጮኸችው ጩኸት የላም አይመስልም ነበር።

ተነሳች። ግን ወለሉ ለስላሳ ሲሚንቶ ነው፣ እበትና ሽንት አርጥቦታል፤ የኋላ እግሮቿ ተበርግደው ወደቀች። አገጯ ከመመገቢያው ገንዳ ጠርዝ ጋር ተላትሞ ከአፏ ደም መጣ። እንደገና መታናት። በዚህ ጊዜ ገመዱን በጠሰችው። መጀመሪያ ያገኘችው ጅራቷን የጠመዘዘውን ሰውዬ ነው፤ በግንባሯ አንስታ ከቆርቆሮው በር ጋር አላተመችው። ቅንድቡ ተተርትሮ ፊቱ በደም ታጠበ። እኔ መሸሽ ሲገባኝ ፌሮውን አንስቼ ፊቷን መታኋት።

ከዚያ በኋላ ጀርባዬ ከብሎኬቱ ጋር ተጣብቆ፣ ግንባሯ ደረቴ ላይ ሆኖ ስትገፋኝ ነው የማስታውሰው። ቀንዷ በጥጃነቷ ባይቆረጥ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም። ውስጤ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። አየር አጠረኝ። ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ትልና ተመልሳ ትመጣለች። ጽጌ ስሜን እየጠራች ትጮሃለች። ነጋዴው ቢላውን ከወገቡ መዝዞ “ያዟት! ጅማቷን ልበጥሰው!” ይላል፤ የሚይዛት ግን አልተገኘም።

በዚህ መሃል አንዲት የማላውቃት ወጣት ሴት በበሩ ገባች። ከኋላዋ ጎረቤታችን ባለ ሱቁ ጋሽ ሸምሱ “ሂክማ! ተመለሺ! ትገድልሻለች!” እያሉ ይሮጣሉ። ዞር ብላም አላየቻቸው።

“ዱላ የያዘ ሁሉ ይውጣ!” አለች።

“ሰውየው እየሞተ ነው እኮ!” አላት ነጋዴው።

“አንተ ቢላ ይዘህ እዚህ ከቆምክ ነው የሚሞተው። ውጣ!”

ጽጌን ፉርሽካው የት እንዳለ ጠየቀቻት። ፉርሽካ በባልዲ ይዛ ከቦራ ራቅ ብላ በጎን ቆመችና ባልዲውን ቀስ እያደረገች ማንኳኳት ጀመረች። “ነይ እናቴ፣ ነይ” ትላለች። ያን ሁሉ ጩኸት አልፎ የእሷ ድምፅ ለእኔም ይሰማኝ ነበር። ቦራ ጆሮዋን ወደዚያ አዞረች። ሁለመናዋ ይንቀጠቀጣል። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ለእኔ ብዙ መስሎኝ ነው፣ ግንባሯን ከደረቴ አንስታ ወደ ባልዲው ሄደች። በግድግዳው ላይ ተንሸራትቼ ቁጭ አልኩ። ጋሽ ሸምሱ ብብቴን ይዘው ጎትተው አወጡኝ።

ሦስት የጎን አጥንቶቼ ተሰብረው አራት ቀን ሆስፒታል ተኛሁ። አልጋ ላይ ሆኜ ጽጌን “ነጋዴውን ጥሪውና እዚያው በረት ውስጥ አርዶ ይገላግለን” አልኳት። ጽጌ በትዳራችን ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አለችኝ። “ና፣ እያት። ከዚያ የፈለግከውን አድርግ” አለች።

ቤት ስገባ ሂክማ በረት ውስጥ ነበረች። የጋሽ ሸምሱ የወንድማቸው ልጅ መሆኗን፣ በሙያዋ የእንስሳት ሐኪም መሆኗንና ያን ቀን አጎቷን ልትጠይቅ መጥታ ጩኸቱን መስማቷን ያወቅሁት ያኔ ነው። የቦራን የኋላ እግር በገመድ ከፍ አድርጋ አሰረችና ከመጠን በላይ ያደገውን ሰኮና ጫፉ በተቆለመመ ቢላ መጥረብ ጀመረች። ድንገት መግል ፊጭ ብሎ እጅጌዋ ላይ ተረጨ።

“ጋሼ፣ በዚህ እግር እርስዎ አንድ ቀን ይቆማሉ?” አለችኝ።

“እኔ እኮ አርጅታለች ብዬ ነው።”

“ስንት ዓመቷ ነው?”

“ስድስት።”

“ታዲያ ገና ናት እኮ! ላሞችዎን ከዚህ ቤት የሚያስወጣቸው እርጅና አይደለም። ወለሉ ነው፣ እርጥበቱ ነው...” አለችና ጥግ ላይ የወደቀውን ፌሮ አየችው። “ሌላውን እርስዎ ያውቁታል።”

ጽጌ ጠጋ አለችኝ። “ታደሰ፣ ትቆጣለህ ብዬ ነው እንጂ” አለች፣ “ገና የውጭውን በር ስትከፍት ቦራ ድምፅህን ከሰማች ሽንቷን ትለቃለች። የሸጥካቸውም እንደዚያው ነበሩ።”

ጎኔን ያመመኝ አስመስዬ ፊቴን አዞርኩ። እያለቀስኩ ነበር።

ሂክማ የነገረችንን አቅማችን በፈቀደ መጠን ቀስ በቀስ አደረግን። ለስላሳውን ሲሚንቶ በመሮ አሻከርነው። መኝታቸው ላይ ገለባ እናነጥፋለን፣ ሲረጥብ እንቀይራለን። ገመዱን አስረዘምነው፤ ውሃ ባሻቸው ሰዓት ይጠጣሉ። ሰኮናቸው በዓመት ሁለቴ ይስተካከላል። ጡቷን ያመማት ካለች በሽታው ወደ ሌሎቹ እንዳይተላለፍ መጨረሻ ትታለባለች። ልትወልድ ሁለት ወር የቀራትን ላም ጡቷ እንዲያርፍ ማለብ እናቆማለን፤ ይሄኛውን ለመቀበል በጣም ከብዶኝ ነበር። ወተት እያላት እንዴት ይተዋል ብዬ ከሂክማ ጋር ተጨቃጭቄያለሁ። ሁሉም ተቃንቷል አልልም፤ አንዷን ከዚያ በኋላም በበሽታ አጥተናል። ግን በሦስተኛ ወሊዷ “አልቆላታል” ብለን ያወጣናት ላም የለችም።

ቦራ ባለፈው ጥር ስድስተኛዋን ወለደች። ወተቷም ከሁሉም ይበልጣል። እኔን ግን እስከ ዛሬ አታስጠጋኝም፤ የምታልባት ጽጌ ናት። ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ጊደሮች ስገባ መዳፌን ሊልሱ ይሽቀዳደማሉ። እነሱ የድሮውን ሰውዬ አያውቁትም። ቦራ ታውቀዋለች። ስታየኝ ማመንዠኳን ታቆምና ራሷን ቀና አድርጋ እጆቼን ትመለከታለች። ፊቴን አይደለም፣ እጆቼን።

ወዳጆቼ “ላም ደግሞ ምን ታስታውሳለች?” ይሉኛል። አልከራከራቸውም። ባዶ መሆናቸውን እንድታይ እጆቼን ዘርግቼ በሩ ላይ እቆማለሁ። እንደገና ማመንዠክ ስትጀምር፣ ያኔ እገባለሁ።