አባዬ በሰባ ዓመቱ ሰባት ትውልድ ቆጠረ

ዛሬ አባዬ ዘመድ አገኘ። ያውም ኢንዶኔዥያ!

አባዬ ሰበታ፣ ክር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ልጅ ሳለ ጓደኞቹ አያቶቻቸውን እስከ ሰባት ትውልድ ሲቆጥሩ፣ እሱ አያቱ ላይ ይቆም ነበር። አያቱ ከየመን ብቻውን የመጣ ግንበኛ ነው።

የአያቱን ስም፣ መንደርና ከአንድ ወጣት ጋር የተነሳውን ፎቶ አንድ የዘመድ መፈላለጊያ ግሩፕ ላይ ለጥፌ ነበር። ባለፈው ሳምንት ፋጡማ የምትባል ልብስ ሰፊ ከኢንዶኔዥያ በስልክ መተርጎሚያ እየታገዘች ጻፈችልኝ። የእሷ አያት መርከበኛ ነበር፤ የአባዬ አያት ታናሽ ወንድም! ሁለቱ አብረው የተነሱት ያው ፎቶ እሷም ቤት አለ።

ዛሬ በቪዲዮ ደወልንላት። አረብኛ እኛም አንችልም፣ እሷም አትችልም። አባዬ አማርኛ ሞከረ፤ አልሆን ሲለው ኦሮምኛ ጨመረበት። (ኦሮምኛው ይገባታል ብሎ ለምን እንዳሰበ አላውቅም።)

ከዚያ ፋጡማ ወረቀት አውጥታ የአያቶቻቸውን ስም ማንበብ ጀመረች። ስም አስተርጓሚ አይፈልግም። አባዬ እየተከተላት ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ዓይኑ እንባ ሞላ።

ስልኩ እንደተዘጋ በሩን ከፍቶ የልጅነት ጓደኛው የሆኑትን ጎረቤታችንን ተጣራ። "ኦቦ ቶላ! ና፣ ልቁጠርልህ!"

"ዛሬ ገና?" አሉ ኦቦ ቶላ እየሳቁ።

"ዘገየ እንጂ አልቀረም!"

እናንተስ ስንት ትቆጥራላችሁ? ባላሰባችሁት አገር ዘመድ ያገኛችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ለአባዬ አነብለታለሁ።