በጥላሸት ሪዝ የተመለሱት ሽማግሌዎች

የሴቶች መብት አሰልጣኝ ሆኜ በተቀጠርኩበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ከአሰላ ወጣ ብሎ ጭላሎ ተራራ ሥር ባለ የገጠር ቀበሌ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቶችንና ልጃገረዶችን አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ልበል እንጂ የማደርገው ማንበብ ነው። ከቢሮ የተሰጠኝን ወረቀት ዘርግቼ "አንቀጽ" ማለት ስጀምር ግማሾቹ ያዛጋሉ፣ ግማሾቹ ስፌታቸውን ያወጣሉ። አንድ ቀን አንዲት እናት እጃቸውን ሲያወጡ ደስ ብሎኝ "እሺ እናቴ፣ ይጠይቁ" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ቁርስ በልተሻል?" አሉኝ።

ወረቀቱን ጥዬ "ድራማ እንሥራ" ያልኩት ያን ዕለት ነው። ታሪኩ ቀላል ነበር፦ ሽማግሌዎች መጥተው ልጅ ይጠይቃሉ፣ አባት እምቢ ይላል፣ ልጅቷም አላገባም ትላለች። ልጅቷን ለመሆን የተነሳችው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ለሽማግሌነት ሦስት ሴቶች ተገኙ። አባት የሚሆን ግን ጠፋ። በመጨረሻ የልጅቷ ጎረቤት፣ ቁመታቸው ረዘም፣ ድምፃቸው ጎርነን ያሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ተነሱ።

"ባሌ ከሞተ ወዲህ አባትም እናትም ነኝ፤ ምን አዲስ ነገር አለው?" አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የቀበሌው አዳራሽ በማዳበሪያ ጆንያ ስለተሞላ፣ ልምምዱን ልጅቷ ቤት ግቢ ውስጥ አደረግነው። አባቷ ገበያ ሄደዋል ተባለ። እናቷ የባላቸውን ጋቢ፣ ባርኔጣና ከዘራ አውጥተው ለጎረቤታቸው ሰጡ። ሪዙን ከድስት ቂጥ በተፋቀ ጥላሸት እኔው ሳልኩላቸው። ሽማግሌ የሚሆኑት ሦስቱ ሴቶች ለመልበስ ወደ ጓሮ ዞሩ።

ትንሽ እንደቆየን ሦስት ሽማግሌዎች በበሩ ገቡ። አለባበሳቸው ልክ ነው፤ አረማመዳቸው ልክ ነው። በተለይ መሪያቸው፣ ዓይናቸው የደከመ መስለው መሬቱን በዘንግ እየዳሰሱ ሲመጡ ልቤ በደስታ ዘለለ። "ጎሽ! ግሩም ነው!" ብዬ እያጨበጨብኩ ተጠጋሁና ጺማቸውን ነካ አድርጌ "ይሄ ደግሞ ከምን ተሠራ?" አልኳቸው።

ጺሙ ሞቃት ነበር። ሰው ላይ የበቀለ ነበር።

በዚያው ቅጽበት ሦስቱ ሴቶች ጋቢያቸውን እየጎተቱ ከጓሮ ብቅ አሉ፤ አዩና ተመልሰው ገቡ። የልጅቷ እናት ክንዴን ያዙኝ። "ከቆላው፣ ከዴራ የመጡ ናቸው። እውነተኞቹ ናቸው" አሉኝ በሹክሹክታ።

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አባት የሆኑት ጎረቤት ግን ከዘራቸውን ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ ናቸው። "ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ። አዛውንቱ በእውነት ዓይናቸው ደክሟል። ድምፁ ወደመጣበት ዞረው ሰላምታ ሰጡ፣ መረቁ፣ ከዚያ ጉዳያቸውን በኦሮምኛ አሳምረው ተናገሩ፦

"ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው።"

"ልጃችሁ ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሠላሳ ሊሞላው ነው።"

"የኔዋ አሥራ አምስት ናት። ሕጉ አሥራ ስምንት ይላል። የጎደላትን ሦስት ዓመት ከየት እናምጣ? ከሱ ተቀንሶ አይሰጣት ነገር!"

አዛውንቱ ትንሽ አሰቡ። "ድምፅዎን ምን ነካው? ጉንፋን ነው?"

"ብርዱ ነው። እናንተ ቆላ ስለሆናችሁ አታውቁትም።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሪዙ በላብ ወደ አገጭ ሲወርድ እያዩ ነው። ታላቃቸውን ማቋረጥ ነውር ሆኖባቸው የጫማቸውን ጫፍ ያያሉ።

"እስቲ ልጅቷ ራሷ ትናገር" አሉ ጎረቤትየዋ።

ባለፈው ቅዳሜ ስትለማመድ ሳቅ አላስጨርስ ያላት ልጅ ብድግ አለች። "አባቶቼ፣ አክብራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እኔ ግን አላገባም፤ እማራለሁ። ካስገደዳችሁኝ ቀበሌ እሄዳለሁ። ቀበሌው ማዳበሪያ ከሞላው ወረዳ እሄዳለሁ።"

የመጨረሻው እኔ ያላስተማርኳት ነው።

በዚህ መሃል እውነተኛው አባት ከበሩ ደረሱ። ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ ከዚያ ጋቢያቸውን ለብሰው የተቀመጡትን ጎረቤታቸውን አዩ።

"ማን ነው የመጣው?" አሉ አዛውንቱ።

"አባቷ ነው" አለ አንደኛው ሽማግሌ።

"ታዲያ እኔ የማናግረው ማን ነው?"

"እሱም… እሷም… አባቷ ነው።"

አባትየው ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው በዝግታ ጠየቁ፦ "ምን ብዬ መለስኩ?"

"እምቢ ብለሃል።"

ልጃቸውን አዩ። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

"እንግዲህ ብያለሁ" አሉ። "ቃሌን አላጥፍም።"

መጀመሪያ የሳቁት አዛውንቱ ናቸው። "ስንት ቤት ሽማግሌ ሆኜ ገብቻለሁ፤ አባት ሆና የመለሰችኝ ሴት ግን አላጋጠመችኝም!" እያሉ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። አንደኛው ተከትሏቸው ሳቀ። ሦስተኛው ተቆጥቶ፣ የቀረበለትን ወተት እንኳ ሳይቀምስ ወጣ።

ሲሸኙኝ አባትየው እውነቱን ነገሩኝ። ዴራ ያለ ዘመዳቸው ሲጨቀጭቃቸው እምቢ ማለት ከብዷቸው "ይምጡና እንነጋገር" ብለው ኖሯል። ቀኑ ሲደርስ ፊታቸውን የሚያሳዩበት ጠፋቸውና ወደ ገበያ ሸሹ። "የምሸጠውም የምገዛውም አልነበረኝም" አሉኝ። "አንዲት ፍየል ሳገላብጥ ዋልኩ። ባለቤቷ በመጨረሻ አባረረኝ።"

ልጅቷ ዘንድሮ አሰላ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። በቀደም ባጃጅ ስጠብቅ አገኘኋትና፣ አሁን አሥራ ስምንት ሞልቶሻል፣ ሽማግሌ ቢመጣስ ብዬ ቀለድኩባት።

"መጀመሪያ ኬሚስትሪን ልለፍ" አለችኝና እየሮጠች ትምህርት ቤት ገባች።