አርባ ወንበርና አንድ ያልተነበበ ቁጥር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ደብረ ማርቆስ በጉም ተውጣ ነበር። ከደጀን ካመጣኝ ሚኒባስ ወርጄ የኮሌጁን በር ያገኘሁት በዳበሳ ነው ማለት ይቻላል። ጥበቃው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብሎ ደብዳቤዬን አየና "ሬጅስትራር? ቀጥ ብለህ ሂድ፤ ግድግዳ ሲገጥምህ እሱ ነው" አለኝ። ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ግድግዳ ገጠመኝ።

ከዚያ በፊት ደጀን ላይ የጭነት መኪና ጀርባ እጽፍ ነበር። ከዓባይ በረሃ እያቃሰቱ የወጡ መኪኖች ሞተር ለማቀዝቀዝ ሲቆሙ ሾፌሩ ሁለት መስመር ይጠይቀኛል፤ እኔም ቆሜ አስቤ በነጭ ቀለም እጽፍለታለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። አንዱን አሁንም አስታውሰዋለሁ፤

ዳገቱን ስወጣ ቁልቁል እያየሁት፣
የወጣሁበትን መንገዱን ናፈቅሁት።

ስንኞቼ አገር ለአገር ሲዞሩ እኔ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሜ መቅረቴ ያንገበግበኝ ነበር። የቅጥር ማስታወቂያውን ሳይ ሥራው ምን እንደሆነ እንኳ በደንብ ሳላነብ አመለከትኩ።

የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ እትዬ አስናቀች ነበሩ፤ የተማሪ ውጤት በእጅ ይጻፍ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ እዚያው የኖሩ ሴት። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ ከእጃቸው ደግሞ የእንጨት ማስመሪያ አይለይም። ኮምፒውተር እችል እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እለምዳለሁ አልኩ። የእጅ ጽሑፌን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ገጣሚ ነው አሉኝ" አሉ፤ "እዚህ ቤት ከራስህ የምትጨምረው አንድም ነገር የለም። ገብቶሃል?" ገብቶኛል አልኩ። የኮንትራት ሠራተኛ ሆኜ በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጉሙ ሲገፈፍ በመስኮቱ በኩል የጮቄ ተራራ ይታያል። ሲመለስ ክፍሉ ውስጥ መደርደሪያዎቹና እኛ ሁለታችን ብቻ እንቀራለን።

በዓመቱ ውስጥ ትልቁ ሥራችን የሕክምና ምርጫ ነበር። የመጀመሪያው መንፈቅ እንዳለቀ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ ያመለክታል። ወንበሩ ግን አርባ ብቻ ነው። ውጤቱ ከሦስት ቦታ ይመጣል፤ ግማሹ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ከመንፈቁ ውጤትና ኮሌጁ ራሱ ከሚሰጠው የመግቢያ ፈተና። ለሴቶች በደንቡ መሠረት ትንሽ ነጥብ ትጨመራለች። ሁሉም ተደምሮ ከላይ ወደ ታች ይደረደራል፤ ከአርባኛው ሥር መስመር ይሰመራል። ያቺን መስመር እትዬ አስናቀች በኮምፒውተር አያምኗትም። ታትሞ በወጣው ወረቀት ላይ በማስመሪያቸው ራሳቸው ያሰምሯታል።

ከመስመሯ በፊት ማናበብ አለ። እሳቸው ከማኅደሩ ያነባሉ፤ እኔ ስክሪኑን እያየሁ "አለ" እላለሁ። ስም አይነበብም። የማኅደሩ ስም ያለበት ክፍል በነጭ ወረቀት ተሸፍኖ የሚጠራው የመታወቂያ ቁጥሩና ውጤቱ ብቻ ነው። ምክንያቱን አንድ ቀን ነገሩኝ። በድሮ ጊዜ አብራቸው የምታናብብ ሴት ነበረች። የእህቷ ልጅ ስም ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ለስለስ አለ። ምንም አልነካካችም፤ ድምፅዋ ብቻ ነው የለሰለሰው። "ከዚያ ወዲህ ስም አላስነብብም" አሉ።

ያ ማናበብ ለእኔ እንደ ሕልም ነበር። ውጭ ካፊያ፣ ውስጥ የእሳቸው ድምፅ፣ የእኔ "አለ"። ቁጥሮቹ በክፍሉ ውስጥ ቀስ ብለው የሚያልፉ ሰዎች ይመስሉኛል። ሦስት መቶ ሰማንያ አራት አጭር ነው፤ ይቸኩላል። አምስት መቶ ሦስት ጃንጥላ ይዟል። አንዳንዴ "አለ" ማለቱን እረሳና እትዬ አስናቀች ጠረጴዛውን በማስመሪያ ይመቱታል። "ገጣሚው፣ ከሄድክበት ተመለስ።"

በሦስተኛው ዓመቴ የብሔራዊ ፈተናውን ዓምድ እንድሠራ ለእኔ ተሰጠ። የዚያ ዓመት ተማሪዎች የተፈተኑት ሰባት ትምህርት፣ ከሰባት መቶ ነበር። የመጀመሪያውን ውጤት ለሰባት መቶ አካፈልኩ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ቀመሩን ይዤ እስከ ታች ጎተትኩት። ከሁለት መቶ በላይ ተማሪ በአንድ ጉተታ ተሞላ። ደስ የሚል ነገር ነበር፤ ውሃ ቁልቁል ሲለቀቅ እንደማየት። ከዚያ አናበብን። ሁሉም አለ። እትዬ አስናቀች መስመሩን አሰመሩ፤ የአርባዎቹ መታወቂያ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አቤቱታ ያለው ሰው በሦስት ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ ከሥሩ ተጻፈ።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሙ። ነጭ ጥምጥም፣ የጎማ ጫማ፣ የታጠፈ ጃንጥላ። መሪጌታ ልሳነወርቅ እባላለሁ አሉኝ፤ ከዲማ ነው የመጡት። ልጃቸው ትርንጎ አመልክታ እንዳልደረሳት ነገሩኝ። አቤቱታ ከሆነ ቅጽ አለ ብዬ ላነሳ ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

"ልከራከር አልመጣሁም ልጄ" አሉ። "እሷም ውጤቴ ነው ብላ ተቀብላለች። እኔም በአቅሜ መምህር ነኝ። ስትመርጡ እንዴት እንደምትመዝኑ ብቻ ንገረኝ።"

ወንበር ሰጠኋቸው። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ሌላው ሁሉ የሚጠይቀው ለምን እንደቀረ ነው። ባዶ ወረቀት አውጥቼ በእርሳስ አሳየኋቸው። ይሄ ግማሹ፣ ይሄ ሩቡ፣ ይሄም ሩቡ። ሁሉም ወደ መቶ ይቀየራል፤ ከዚያ ይደመራል። በጥሞና ሰሙኝ። በእሳቸው ትምህርት ቤት ተማሪ የሚያልፈው መምህሩ ሲረካ እንደሆነ፣ እርካታን ግን ወደ መቶ መቀየር እንደማይችሉ ተናገሩና ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግ አልኩ።

"ትርንጎ ግን ብሔራዊውን የተፈተነችው ከእነዚህ ተማሪዎች ጋር አይደለም" አሉ ቀጥለው። "እዚህ እንደገባች ታማ ዓመት ሙሉ ቤት ውላለች። የእሷ ዓመትና የእነዚህ ዓመት በአንድ ነው የሚለካው?"

"አዎ የኔታ፣ ሁሉም ከ..." አልኩና እርሳሴ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

በእሷ ዓመት የተፈተኑት ስድስት ትምህርት ነበር። ከስድስት መቶ።

መሪጌታ ማቋረጤን አላስተዋሉም። ተነሥተው ጃንጥላቸውን አነሡ። "አሁን ገባኝ። ሚዛኑ ትክክል ነው። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ዕድሜ ይስጥህ" ብለው መረቁኝ። አንድ ነገር ላጣራ፣ ስልክዎን ይተዉልኝ አልኳቸው። አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው እየቸኮሉ ቁጥሩን ሰጡኝና በካፊያው ውስጥ ሄዱ። ምርቃቱ ክፍሉ ውስጥ ቀረ።

ማኅደሯን አወጣሁ። የውጤት ወረቀቱ ድምሩን ይዟል፤ ከስንት እንደሆነ አልተጻፈበትም። አራት መቶ ዘጠና ሁለት። በሰባት መቶ ሲካፈል ሰባ ከመቶ። በስድስት መቶ ሰማንያ ሁለት። ሂሳቡን ሦስት ጊዜ ሠራሁት። እሷ አሥራ ሁለተኛ ትወጣለች። ለሴት የምትጨመረው ነጥብ ባትጨመርላት እንኳ ትገባ ነበር።

የቋሚ ቅጥር ደብዳቤዬ በዚያው ሳምንት ፊርማ ይጠብቅ ነበር። አባትየው ረክተው ሄደዋል። ልጅቷ ተቀብላለች። አቤቱታ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በመስኮቱ ስመለከት ጉሙ ጮቄን ሸፍኗል፤ ተራራ የሚባል ነገር ኖሮ የማያውቅ ይመስላል። ዝም ብዬ ተቀምጬ ብውል ማንም አያውቅም ነበር። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ረጅም እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ እዚህ የምጽፈውም ያንን ላለመደበቅ ነው።

ተነሥቼ ማኅደሩን እትዬ አስናቀች ፊት ዘረጋሁት። ሽፋኑን አነሡ፤ የተፈተነችበትን ዓመት አዩ። ማስመሪያቸውን ከቁጥሩ ሥር አደረጉ።

"እኔ አራት መቶ ዘጠና ሁለት ብዬ አነበብኩ" አሉ። "አንተ አለ አልክ። ሁለታችንም ልክ ነበርን።" ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። "ተነሥ። ዲኑ ጋ እንሂድ።"

ዲኑ ሐኪም ናቸው፤ ነገርን በአጭሩ የሚሰሙ ሰው። ማን እንደሠራው ጠየቁ። እትዬ አስናቀች "ክፍሉ ነው" ሲሉ እኔ "እኔ ነኝ" አልኩ፤ ሁለቱ ቃል ተጋጨ። አንድ ወንበር መጨመር አይቻል እንደሆነ እትዬ ጠየቋቸው። ዲኑ "አርባ የተባለው ላቦራቶሪው የሚይዘው ያንኑ ስለሆነ ነው፤ ዛሬ በእኛ ስሕተት አንድ ከጨመርኩ ነገ በሌላው ሰው ልመና እጨምራለሁ" አሉ። ያሉትን ዛሬም አልወደውም፤ ስሕተት ነው ግን አልልም። ከዚያ አርባኛው ማን እንደሆነ ጠየቁ።

ማናችንም አናውቅም ነበር። እትዬ አስናቀች ማኅደሩን ገልጠው ነጩን ወረቀት አነሡና አነበቡ። ሙሉቀን። በሦስት ዓመት ውስጥ ከአፋቸው የሰማሁት የመጀመሪያው የአመልካች ስም ነው።

ደብዳቤ ተጽፎ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ተባለ። ከመለጠፉ በፊት እኔ ራሴ ልንገረው ብዬ ለመንኩ፤ ተፈቀደልኝ።

ሙሉቀንን ያገኘሁት ከተማሪዎች መኝታ ጀርባ፣ ቧንቧው ጋ ነው። ነጭ ሸሚዝ እያጠበ ነበር። የይጁቤ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ትልልቅ ዓይን ያለው። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ከዚያ የሆነውን ምንም ሳላሳጥር ነገርኩት። እጆቹ አረፋው ውስጥ ቆሙ።

"በሴት ነጥብ ነው?" አለኝ።

"አይደለም። እሷ አስቀድሞም በልጣሃለች። ያሳነስኳት እኔ ነኝ።"

"እና እኔ ስንተኛ ነኝ?"

"አርባ አንደኛ።"

አረፋው ሲፈነዳ ይሰማ ነበር። አባቱ ይጁቤ ገበያ ላይ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም እንደተናገረ ነገረኝ። ልደውልለትና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ላስረዳው አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። "ከእኔ ይስማው" አለ። "አንተ ብትደውል የሞትኩ ይመስለዋል።" ከዚያ ሸሚዙን ማሸት ቀጠለ፤ ከበፊቱ በዝግታ። ነጩን ሸሚዝ ለየትኛው ቀን ያጥበው እንደነበር አልጠየቅሁትም።

ወደ ዲማ ደወልኩ። መሪጌታ መጨረሻውን ከሰሙ በኋላ መጀመሪያ የጠየቁት ከአርባው የወጣው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ነው። ስሙን እንዳልናገር ደንብ አለ አልኳቸው። "እንግዲያው ስም ሳልጠራ እጸልይለታለሁ" አሉኝ።

ቋሚ ቅጥሬ አንድ ዓመት ተላለፈ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ተሰጠኝ። ማኅደር ማስገባት የእኔ ሥራ ስለሆነ ራሴ በስቼ፣ ራሴ በማኅደሬ ውስጥ አሰርኩት። እትዬ አስናቀች ለራሳቸውም እንዲጻፍ ጠይቀው ነበር፤ ዲኑ እምቢ አሉ። እትዬ እንደዚያ ቀን ተቆጥተው አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ማናበቡ ረዘመ። ስም አሁንም አይነበብም። ዓመት ግን ይነበባል፤ ከስንት እንደሆነም ይነበባል። "አራት መቶ ዘጠና ሁለት፣ ከስድስት መቶ።" "አለ።" ቁጥሮቹ ዛሬም በክፍሉ ውስጥ በጉም እንደሚሄዱ ሰዎች ያልፋሉ፤ አሁን ግን እያንዳንዱ የመጣበትን አገር ይናገራል። እትዬ አስናቀች ጡረታ ሲወጡ ማስመሪያውን ለእኔ ተዉልኝ። መስመሩን አሁን የማሰምረው እኔ ነኝ። ከማስመሬ በፊት የአርባኛውንና የአርባ አንደኛውን ማኅደር እንደገና አወጣለሁ።

ትርንጎን አንዳንዴ በነጭ ጋውን በግቢው ስታልፍ አያታለሁ። አታውቀኝም። ሙሉቀን ጤና መኮንንነት ተማረ። በቀደም ተመርቆ የውጤት ዝርዝሩን ሊወስድ መስኮቴ ጋ መጣ። ወረቀቱን አትሜ፣ ማህተም መትቼ ሰጠሁት። ቆሞ ከላይ እስከ ታች አነበበውና መልሶ በመስኮቱ ቀዳዳ አስገባልኝ።

"ከስንት እንደሆነ አልተጻፈም" አለ።

እውነቱን ነው፤ የማተሚያው ቀለም አልቆ የመጨረሻው መስመር አልወጣም ነበር። እስክሪብቶ አንሥቼ ከአማካይ ውጤቱ ጎን "ከአራት" ብዬ ጻፍኩ፤ ከላዩ ላይ ፈረምኩ። አየው። አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ሸሚዙ ነጭ ነበር።

አዲስ ለምትቀጠሩ የምለው ይህን ነው። ቁጥር ስትጽፉ ከስንት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።