ከጎን ያልታየ ሌንስ

የላቦራቶሪው ሰዎች ለአንዱ የማይክሮስኮፕ ባለሙያ «ባለ መቶው» የሚል ስም አውጥተውለታል። ሌላው ባለሙያ ናሙናውን መጀመሪያ በትንሹ ሌንስ ፈልጎ፣ አጥርቶ፣ ከዚያ ነው መቶ እጥፍ ወደሚያጎላው ሌንስ የሚሸጋገረው። እሱ የሃያ ዓመት እጁን ተማምኖ ትልቁ ሌንስ የሚነከርባትን ዘይት ናሙናው ላይ ጠብ ያደርግና በቀጥታ መቶውን ያመጣል። ተለማማጅ ሲመጣ ግን፣ «ሌንስ ስታወርዱ ጎንበስ ብላችሁ ከጎን እዩ፤ መስታወቱን እንዳይሰብረው!» እያለ ጆሮ ያደነቁራል። ምክር ለሰው ሲሆን ቀላል ነው።

ማክሰኞ የአንዲት አሮጊት አክታ ደረሰው። ሳላቸው የሳንባ ነቀርሳ መሆን አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ፣ ገና የተወለደ የልጅ ልጃቸውን እንዳያቅፉ ተነግሯቸዋል። በር ላይ ቆመው ነው የሚያዩት።

እሱ በመስኮት ከዘበኛው ጋር እየተቀላለደ፣ ዓይኑን ከማያው ሳያነሣ ማስተካከያውን አዞረው። ቀጭ አለ። ሌንሱ ተጭኖት ናሙናው የተቀባበት መስታወት ደቀቀ። የተረፈው አክታ ደግሞ ጠዋት ከቆሻሻው ጋር ተቃጥሏል። ግራ ቀኙን አየና ስባሪውን መርፌ መጣያው ሳጥን ውስጥ ከተተው።

ከሰዓት አሮጊቷ ውጤት ሊጠይቁ መጡ።

«ናሙናው አልሆነም እማማ፤ ምራቅ በዝቶበታል። ነገ በጠዋት ሌላ ይዘው ይምጡ።»

አሮጊቷ አንገታቸውን ደፉ። «ውይ በሞትኩት! ሳስል ጎኔን ይወጋኛል፤ ለካ በቅጡ አላወጣሁትም። ይቅር በለኝ ልጄ፣ ሥራ አበዛሁብህ።»

«ግድ የለም እማማ» አላቸው።

ፊቱ የጋለው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። በራሱ አፈረ።

በማግስቱ አዲሱን ናሙና እንደ ጀማሪ ሠራው። ከትንሹ ሌንስ ተነሣ፤ ትልቁን ጎንበስ ብሎ ከጎን እያየ አወረደ። በሰማያዊው ቀለም ላይ የነቀርሳው ተሕዋስያን፣ ቀጫጭን ቀይ ዘንጎች፣ ተበትነው ታዩት። በሽታው አለ። መድኃኒቱ ትናንት መጀመር ይችል ነበር።

ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ አሮጊቷ ወረፋ የያዙትን እየመከሩ ነበር። «ከውስጥ አስላችሁ አውጡ! እኔ ምራቅ አምጥቼ ይህን ምስኪን ልጅ ሁለቴ አለፋሁት።»

ወደ እሳቸው ተጠጋ።

«እማማ፣ የትናንቱ ደህና ነበር» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «የሰበርኩት እኔ ነኝ። ዋሸሁዎት።»

አሮጊቷ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ትክ ብለው አዩት።

«ታዲያ ትናንት ይቅር በለኝ ስልህ» አሉት፣ «ምኑን ነው ይቅር ያልከኝ?»