ባና የለበሰው ቴሌቪዥን

ይሁኔ ባና ሠሪው፣ በሽታ ሁሉ ከብርድ ነው የሚመጣው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ጥርሱን ሲያመው ብርድ ነው፤ የጎረቤት በሬ ሲያነክስ ብርድ ነው፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ሲቆጣ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰውዬውን ብርድ መትቶታል» ይል ነበር። አይፈረድበትም። ደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ ዕድሜ ልኩን የበግ ጠጉር ሲሸምን የኖረ ሰው ሌላ ምን ሊያምን ይችላል? እሱ የሠራው ባና ዝናብ አያስገባም እየተባለ እስከ እነዋሪ ገበያ ድረስ ይፈለግ ነበር።

ጠጉሩን የምትፈትልለት ሚስቱ እናናየሁ ናት። ትፈትልለት ነበር ማለት ይሻላል፤ በዚያ ክረምት ዓይኗ ክሩን መለየት አቅቶት ነበርና። ሐኪም ቤት ሄደው፣ የቀረው ብርሃንም ብዙ እንደማይቆይ ተነግሯቸው ተመለሱ።  እናናየሁ ቤት ገብታ ነጠላዋን እንደሰቀለች፣ «ምነው ሳይጨልምብኝ ሸዋወርቄን አንዴ ባየኋት» አለች።

ሸዋወርቅ አንድ ልጃቸው ናት። የአውራጃው ኪነት ቡድን ዘፋኝ ሆና፣ ለአብዮቱ በዓል ከተመረጡት ጋር ለልምምድ አዲስ አበባ ገብታለች። ስትሄድ ይሁኔ አልሸኛትም። «የኔ ልጅ ናት በአደባባይ ትከሻዋን የምትሰብቀው!» ብሎ ፊቱን ወደ ሽመናው አዞረ። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ቆማ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስሟን አያነሳም ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ነው፣ በዓሉ በቴሌቪዥን እንደሚታይና ሸዋወርቅም እንደምትዘፍን በሰማ ማግስት፣ ቴሌቪዥን ካልገዛሁ ብሎ የተነሳው። ለማን ብሎ እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። እናናየሁ ብቻ ፈገግ አለች።

በቀበሌው አዳራሽ ቴሌቪዥን ነበረች። ግን ትንሽ ናት፤ ከጣሪያ ሥር ተሰቅላለች፤ ዓይኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ራሱ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ማጅራት አይቶ ነው የሚመለሰው። ለእናናየሁ የሚያስፈልጋት ትልቅና ከፊቷ የሚቀመጥ ነበር። ደግነቱ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ መብራት ወደሌለበት ቆላ ተዛውሮ ዕቃውን ይሸጣል ተባለ። ይሁኔ የደረሰውን የዕቁብ ብር ቋጥሮ፣ ራዲዮ ጠጋኙን ሸሪፍን ይዞ ሄደ። ሸሪፍ የቆላው የአልዩ አምባ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ነገር የማያበዛ ሰው።

ሠራተኛው ሁለት ቴሌቪዥን አሳያቸው። አንዷ ትንሽ፣ ገና ያልተነካች የምትመስል። ሌላው በእንጨት ሣጥን የተሠራ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ ያረጀ ግዙፍ። የሁለቱም ዋጋ አንድ ነው፤ የይሁኔ ብር ደግሞ ከአንዱ አያልፍም። ሸሪፍ ትልቁን አብርቶ ጠበቀ። ምስሉ የመጣው ሰው ከሰለቸ በኋላ ነው።

«ጋሽ ይሁኔ፣ ትንሿን ይውሰዱ» አለ ሸሪፍ። «ይሄ ደክሟል። ወላሂ፣ እኔ ብሆን አልገዛውም።»

«እናንዬ በዚች ምን ታይባታለች?»

«ቀረብ አድርገው ያስቀምጡላቸዋል።»

«ልጄን የጣት ታህል አድርጌ ነው የማሳያት? ትልቁ ይሁን!»

ሸሪፍ አልተከራከረም። «እንግዲያው አደራዎን፣ ጀርባው ይተንፍስ። ሲበራ ይግላል፤ ምንም ነገር እንዳያለብሱት» አለው። ይሁኔም እሺ አለ። እሺ ማለት ምን ገዶት!

አንቴናው በረጅም ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ታስሮ ወደ አዲስ አበባ ዞረ። ጊዜው ነሐሴ ነው። ቴሌቪዥኑ በራ፤ ድምፁ መጣ፤ ምስሉ ግን ቀረ። ይሁኔ ሣጥኑን በእጁ ዳሰሰው፤ በረዶ ሆኗል። «በርዶት ነው እንጂ ምን ሆነ! የቆላ ልጅ ስለ ብርድ ምን ያውቃል?» አለና ለገበያ ያስቀመጠውን ወፍራም ባና አምጥቶ፣ መስተዋቱን ብቻ አስቀርቶ፣ ዙሪያውን ጠቀለለለት። በማግስቱ ምስሉ ቶሎ መጣ፤ ወይም ለይሁኔ ቶሎ የመጣ መሰለው። ጎረቤቶች «ቴሌቪዥኑ አራስ ነው እንዴ?» እያሉ ሳቁበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሸሪፍ አታልብሱት አላለም?» አለች እናናየሁ።

«ሸሪፍ እዚህ አያድር!»

የበዓሉ ዕለት ይሁኔ እስኪመሽ አልጠበቀም። በደንብ ይሙቅ ብሎ ከቀትር ጀምሮ አብርቶ፣ ሁለተኛ ባና ደረበበት። ማታ ቤቱ በሰው ሞላ። እናናየሁ ታጥባ፣ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ጉልበቷ ሣጥኑን እስኪነካ ተጠግታ ተቀመጠች። ምስሉ ያን ቀን እንዴት ያምር ነበር! የየክፍለ ሀገሩ ቡድን የባህል ልብሱን ለብሶ እየወጣ ሲጨፍር፣ «ይሄ ነጭ ቀሚስ ነው አይደል? ታየኝ!» እያለች እንደ ልጅ ትቦርቅ ነበር። ይሁኔ ከኋላዋ ቆሞ እንባው መጣበት።

ከዚያ የሸዋ ተራ ደረሰ። የተቃጠለ ጠጉር ሸተተ። ምስሉ ከላይና ከታች ተሰብስቦ ቀጭን መስመር ሆነ፤ መስመሩም ጠፋ። ድምፁ ግን አልጠፋም። በጨለማው መስተዋት ውስጥ ሸዋወርቅ መዝፈን ጀመረች።

ይሁኔ ባናውን ገፎ ወረወረው። ቁልፉን አዞረ፤ ሣጥኑን በጥፊ መታው፤ እፍ አለበት። «ተወው፣ ልስማት» አለች እናናየሁ። መዳፏን በሚያቃጥለው መስተዋት ላይ አድርጋ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ አላነሳችውም። ጭብጨባው ቀለጠና የሌላ ክፍለ ሀገር ስም ተጠራ።

ጠዋት ሸሪፍ መጥቶ ከፈተው። «ታፍኖ ነው» አለ። መለዋወጫው አልተገኘም። እናናየሁም ይሁኔን አንድም ክፉ ቃል ሳትናገረው፣ ጥቅምት ሳያልቅ የዓይኗ ብርሃን ጨርሶ ጠፋ።

አንድ ቀን ይሁኔ በአውቶቡስ ተራ ሲያልፍ ረዳቱ «አዲሳባ! አዲሳባ!» ይጣራል። ባለበት ቆመ። በዕቁቡ ብር እናናየሁን ይዞ መሄድ ይችል ነበር። ልምምዱ ቦታ ደጃፍ ተቀምጠው ልጃቸው እስክትወጣ ቢጠብቁ፣ እናቷ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አይታት ትጠግብ ነበር። ይህ ለምን አልታየውም? እንዳይታየው ስለፈለገ ነው። አዲስ አበባ ከሄደ ከልጁ ፊት ቆሞ «አጥፍቻለሁ» ማለት ሊኖርበት ነው። ይህን ላለማለት ነው ያን ግዙፍ ሣጥን የተሸከመው። መንገድ ላይ ቆሞ ራሱን ረገመ፤ እርግማኑ ግን ለእናናየሁ የሚፈይድላት ነገር አልነበረም።

ሸዋወርቅ የመጣችው ከፋሲካ በኋላ ነው። የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ እሱም አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። እናቷ ሥር ተቀመጠችና ብዙ ካለቀሰች በኋላ፣ «እማዬ፣ ያኔ በቴሌቪዥን አየሽኝ?» ብላ ጠየቀች።

ይሁኔ አፉን ከፈተ። እናናየሁ ቀደመችው።

«አየሁሽ እንጂ! አባትሽ አይደል ያን የሚያህል ገዝቶ ያሳየኝ። ነጭ ቀሚስሽ ከነጥልፉ እንዴት አምሮብሽ ነበር!»

የሸዋ ቡድን ግን በዚያ ቀን የለበሰው እንደ ሌሎቹ የባህል ልብስ ሳይሆን ካኪ ሱሪና ካኪ ኮፍያ ነበር። ሸዋወርቅ ቀና ብላ አባቷን አየችው። ይሁኔ አንገቱን ደፋ።

«አዎ እማዬ» አለች ልጅቷ፣ «ነጭ ነበር።»