በሁዳዴ ያልቀመስኩት አጓት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ኖርኩ፤ ዛሬ ግን ለእናንተ እናገራለሁ።

ስለ አጓት መኖ ማን ያውቃል ብላችሁ ብትጠይቁ ከሰበታ እስከ ጫንጮ ያለ አርቢ የሚጠራው የእኔን ስም ነው። ጉራ አይደለም። ሱሉልታ አንዲት ትንሽ ፎርማጆ ቤት ስቀጠር፣ ወተቱ ረግቶ ፎርማጆው ከወጣ በኋላ የሚቀረው አጓት በቦይ እየፈሰሰ ሰፈሩን ያገማው ነበር። እናቶቻችን ለጥጃ ያጠጡት የነበረውን እኛ እንዴት እንደፋዋለን ብዬ፣ በበርሜል ለገበሬ ማደል የጀመርኩት እኔ ነኝ።

አጓቱ ሁለት ዓይነት ነበር፤ ጨው የሌለበትና ፎርማጆው የተነከረበት ጨዋማው። በመልክ አይለዩም። ስለዚህ እያንዳንዱን በርሜል ቀምሼ ነበር የምሰጠው።

አንድ ሁዳዴ ግን አልቀመስኩም። ጾመኛ ነኝ፣ ወተት አፌ አይገባም አልኩ። የማይጾም ሠራተኛ አጠገቤ ነበር፤ እሱን ቅመስልኝ ማለት ምን ነበረበት? ኩራቴ አልፈቀደም። አሽትቼ ለየሁት ብዬ ለጫንጮዋ አደ ጫልቱ አንድ በርሜል ጫንኩላቸው። ያለቻቸው አንዲት ያረገዘች ጊደር ናት። በጋ ነው፣ ውሃ ጠፍቷል። ጊደሯ እስክትጠግብ ጠጣች፤ በሁለተኛው ቀን ሞተች።

ወሬውን ስሰማ ወደ በርሜሎቹ ሮጥኩ። ጨው የሌለበት በርሜል እንደ ሞላ ቁጭ ብሏል። የሰጠሁት ጨዋማውን ነው፤ ያ ሁሉ ጨው ደግሞ ውሃ ያላገኘ ከብት ይገድላል። የገደልኳት እኔ ነኝ፤ በዚያችው ደቂቃ አውቄዋለሁ። ታዲያ ባለቤታቸው ኦቦ ቶላ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ምን አልኩ?

"ሚስትዎ አቆይተው አጠጥተዋት ነው።"

ወተት አልነካም ያልኩት አፌ በውሸት ገደፈ። አደ ጫልቱ አጓቱን አንድ ሌሊት አሳድረውት ኖሯል፤ እሳቸውም አመኑኝ። ኦቦ ቶላ በየጎረቤቱ "በገዛ እጇ ገደለቻት" ሲሉ ዓመታት አለፉ።

የባሰውን ልንገራችሁ። የራሴን መኖ ቤት ከፍቼ አሠልጣኝ ስሆን ያቺን ውሸት ትምህርት አደረግኳት። ቡራዩም ሰበታም፣ አንዲት ሴት አጓት አቆይታ ጊደሯን ገደለች እያልኩ አስተማርኩ።

ባለፈው ሳምንት ጫንጮ ላይ ይህንኑ ስናገር ከኋላ አንዲት አሮጊት ተነሡ። አደ ጫልቱ ናቸው። ሊያጋልጡኝ ነው ብዬ ክው አልኩ። እሳቸው ግን ወደ ወጣቶቹ ዞረው፣ "ያቺ ሴት እኔ ነኝ፣ ልጆቼ። እውነቱን ነው፤ እንደ እኔ እንዳትሆኑ" አሉ። ተጨበጨበላቸው። እኔም አጨበጨብኩ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። እውነት ነው፣ ቀሎኝ ነበር፤ የተሸከሙልኝ እሳቸው ነበሩና።

ጾም ነበር ብዬ አላመካኝም። ይቅርታውንም ከእናንተ አልለምንም። እሑድ ጫንጮ እሄዳለሁ፤ ኦቦ ቶላም ጎረቤቱም ባሉበት ቆሜ እናገራለሁ። አንድ ሌሊት ያደረ አጓት ጊደር አይገድልም።